ጭቃው የማን ነው?

በኦክቶበር 2008 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፔትሮሊየም ጂኦሎጂስቶች ማኅበር ኬፕ ታውን ላይ ባካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ አንድ ያልተለመደ ነገር ተደረገ። የሁለት ወገን ክርክር ከተሰማ በኋላ ታዳሚው ድምፅ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። በኢንዶኔዥያ፣ በምሥራቅ ጃቫ፣ ሲዶአርጆ በሚባል አውራጃ ከሁለት ዓመት በፊት ከመሬት ፈንድቶ መንደሮችን የዋጠው የፈላ ጭቃ ምን ቀስቅሶት ወጣ? 42 ሰዎች የጋዝ ቁፋሮው ነው አሉ። 3 ሰዎች የመሬት መንቀጥቀጥ ነው አሉ። 13ቱ ሁለቱም ተጋግዘው ነው ሲሉ 16ቱ ማስረጃው አይበቃም አሉ።

እውነት በእጅ ብልጫ እንደማይወሰን እጃቸውን ያወጡት ሊቃውንት አያጡትም። ግን በዚያ አዳራሽ የተጠየቀው የሳይንስ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። መልሱ «ቁፋሮው» ከሆነ የሚከፍል ሰው አለ፤ «መንቀጥቀጡ» ከሆነ ከሳሽም ተከሳሽም የለም፣ ያለው መከራ ብቻ ነው። ጭቃው ራሱ እንኳ ስሙ አንድ አይደለም። በሹማምንቱና በኩባንያው ወረቀት ላይ «የሲዶአርጆ ጭቃ» ይባላል፤ ቤቱ የተቀበረበት ሰው ግን «የላፒንዶ ጭቃ» ይለዋል፣ ጉድጓዱን ባስቆፈረው በላፒንዶ ብራንታስ ኩባንያ ስም። አንዱ በደረሰበት አገር ይጠራዋል፣ ሌላው አመጣው በሚለው ሰው።

ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው አስቀድሞ ከምድር በታች ምን እንዳለ ቢያይ ይሻላል፤ የሞራሉ ጥያቄ የተቋጠረው እዚያ ነውና።

ዐለት ድፍን ይመስላል እንጂ አብዛኛው የደለል ዐለት እንደ ስፖንጅ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው ውስጥ ውሃ፣ አልፎ አልፎም ዘይትና ጋዝ አለ። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ እስከ ላይ ተያይዘው ውሃው መንገድ ካለው፣ የውሃው ግፊት ከበላዩ ካለው ውሃ ክብደት አይበልጥም። አንድ ኪሎ ሜትር ወርዶ ይህ ከአየር ግፊት መቶ እጥፍ ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ሰላማዊ ግፊት ነው። ከላይ የተከመረውን ዐለት የሚሸከሙት ቅንጣቶቹ ናቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው።

መውጫው ሲዘጋ ነገሩ ይለወጣል። ደለል በፍጥነት ሲከመር፣ በተለይም ሸክላማ ሲሆን፣ ውሃው ተጨምቆ ለመውጣት ፋታ አያገኝም። ሸክላ አፈር ውሃ እንደማያሳልፍ ኩሬ የቆፈረ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ አዲስ ደለል ይጫናል፣ ከታች ውሃው እንደታሰረ ነው፤ ቅንጣቶቹ ሊሸከሙት የሚገባውን ጭነት ቀስ በቀስ ውሃው ይሸከመዋል። እንዲህ ያለው ትርፍ ግፊት እየጨመረ ሄዶ ከበላዩ ወዳለው ዐለት ሙሉ ክብደት ሊጠጋ ይችላል፤ ያ ደግሞ ከተራው የውሃ ግፊት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ካርል ቴርዛጊ የተባለው መሐንዲስ በ1920ዎቹ የአፈርን ጥንካሬ ከዚህ አንጻር አስልቶታል። መሬትን የሚያጸናው ከጠቅላላው ጭነት ላይ የውሃው ግፊት ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ውሃው ብዙ በተሸከመ ቁጥር መሬቱ ይላላል። የሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ንብርብር፣ በላዩ ኪሎ ሜትር ሙሉ ዐለት ተጭኖበት፣ ከውስጡ ገና ያልረጋ ጭቃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሆዱን ዘግቶ የሚኖር ሰው አይነት ነው፤ ላዩን አይቶ ማንም አያውቅበትም።

ቆፋሪ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። ጉድጓዱን የሚጠብቅለት የሚያወርደው ከባድ ፈሳሽ ሲሆን ይህንንም የነዳጅ ሠራተኞች «ጭቃ» ይሉታል። (በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጭቃ አለ፤ ሰው ያወረደውና መሬት ያወጣችው።) የቁፋሮው ጭቃ ከቀለለ ከዐለቱ የታሰረው ውሃና ጋዝ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ከከበደ ደግሞ ዐለቱን ይሰነጥቀዋል፣ ጭቃውም በስንጥቁ ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ትርፍ ግፊት ባለበት አገር እጅግ ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥርም ላይኛው ዐለት የሚችለው ክብደት ለታችኛው አይበቃም። ስለዚህ የተወሰነ ርቀት ይቆፈርና የብረት ቱቦ ይወርዳል፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ቀጣዩ ይኬዳል። ቱቦው ላይኛውን ደካማ ዐለት ከታችኛው ግፊት ይለየዋል። ሥራው ግን ቀናት ይበላል፣ ገንዘብ ይበላል፣ እያንዳንዱ ቱቦም ከበፊተኛው ስለሚጠብ ጉድጓዱ እየቀጠነ ይሄዳል። «ይቺን ትንሽ እንግፋና ከዚያ እናወርዳለን» የሚል ፈተና ሁልጊዜ አለ።

ባንጃር ፓንጂ 1 የተባለው ጉድጓድ ቁፋሮው በማርች 2006 ተጀመረ። ቦታው የሩዝ እርሻ፣ ፋብሪካና ቤት የተቀላቀለበት የፖሮንግ ወረዳ ነው። የብረት ቱቦው እስከ 1,091 ሜትር ወረደ። ከዚያ በታች ቁፋሮው እስከ 2,834 ሜትር ቀጠለ፤ ከ1,700 ሜትር በላይ የሆነ ጉድጓድ ያለ ቱቦ ተከፍቶ ቀረ። በዕቅዱ ግን በመሃሉ ቱቦ እንዲገባ ታስቦ ነበር። ከሥራው ሸሪኮች አንዱ፣ ጭቃው ከፈነዳ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቱቦው እንዲወርድ አስቀድሞ መክሮ እንደነበር አስታውሷል።

ሜይ 27 ማለዳ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በዮግያካርታ አካባቢ መሬት ተንቀጠቀጠ። መጠኑ 6.3 ነበር፤ ከ5,700 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን ጉድጓዱ ጭቃ ማጣት ጀመረ። በማግስቱ መሰርሰሪያውን ወደ ላይ እየጎተቱ ሳለ ከታች ፈሳሽ ወደ ጉድጓዱ ገባ፤ ሠራተኞቹ አፉን ዘጉት፣ ግፊቱም ከዝጉ በታች ወጣ። ሜይ 29 ንጋት ላይ ከጉድጓዱ 150 ሜትር ገደማ ርቆ መሬቱ ተቀደደና እንፋሎት፣ ውሃና ጭቃ መትፋት ጀመረ። በብዛቱ ጊዜ በቀን እስከ 180,000 ሜትር ኩብ ይወጣ ነበር። በሰንሰለት የተያያዙ በመቶ የሚቆጠሩ የኮንክሪት ድብልብሎች ወደ አፉ ተጣሉ፤ ዋጣቸው። በኅዳር መሬቱ ሲሰምጥ የጋዝ ማስተላለፊያ ቧንቧ ተሰብሮ ፈነዳ፣ ከአስር በላይ ሰዎች ሞቱ። ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ቤታቸውን ለቀቁ።

ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቁፋሮውን የሚከሱት፣ በደርሃም ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ዴቪስ ፊታውራሪነት፣ መንቀጥቀጡ ሩቅ ነበር፣ ከዚያ በፊት የቀረቡም የበረቱም መንቀጥቀጦች ተከስተው ጭቃ አላወጡም ይላሉ። በእነርሱ ዐይን አፉ የተዘጋው፣ ቱቦ የሌለው ጉድጓድ ግፊቱን አቅም ወደሌለው ላይኛው ዐለት አሳልፎ ሰጥቶ ሰነጠቀው። እነ አድሪያኖ ማዚኒ ደግሞ መንቀጥቀጡ በአካባቢው ያለውን ስንጥቅ አነቃቅቶታል፣ ጭቃው ራሱን ችሎ ሊወጣ የተዘጋጀ ነበር ይላሉ። ኩባንያውም ግፊቱ ዐለቱ ከሚችለው አላለፈም ሲል ተከራክሯል። በ2015 የአውስትራሊያው ማርክ ቲንጌይና ባልደረቦቹ በጉድጓዱ የተለካውን የጋዝ መረጃ መርምረው፣ መንቀጥቀጡ ሸክላውን አናውጦ አፍልቶት ቢሆን ሊታይ የሚገባው ምልክት የለም ብለው ጻፉ። የማስረጃው ሚዛን ወደ ቁፋሮው እንዳጋደለ መናገር ይቻላል። ተቃራኒውን የሚሉት ግን ሁሉም ጥቅም የገዛቸው አይደሉም፤ በቅን ልቡና የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ፣ ይህን መካድ ለተጎዱትም አይጠቅማቸውም።

ያም ሆኖ የቀረው ጥያቄ ከባድ ነው። የሊቃውንቱ ክርክር እስኪያልቅ ኃላፊነትም መቆየት አለበት? በተግባር የሆነው ይኸው ነው። ፖሊስ ከኩባንያውና ከቁፋሮው ሰዎች መካከል ተጠርጣሪዎች ሰይሞ ነበር፤ በ2009 ባለሙያዎቹ ስላልተስማሙ ማስረጃ አይበቃም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ለፍርድ ቤት የቀረቡት የፍትሐ ብሔር ክሶችም አልተሳኩም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል አበው። መንቀጥቀጥ አይከሰስም፣ ጠበቃም አያቆምም፤ ሁሉን ለመሸከም ከእርሱ የተሻለ ማን አለ? የኩባንያው ባለድርሻ ከነበረው ቤተሰብ አንዱ፣ አቡሪዛል ባክሪ፣ በጊዜው የሕዝብ ደኅንነት ጉዳዮችን የሚያስተባብር ሚኒስትር እንደነበር ሲታሰብ ደግሞ ጥያቄው ለምን በኬፕ ታውን አዳራሽ ብቻ እንዳልቀረ ይገባል።

ለኩባንያው የሚቆመው ከባድ ሙግት እንዲህ ይላል። ግፊቱን ኩባንያው አልፈጠረውም። ወንዙ፣ ሸክላውና ሚሊዮን ዓመት ናቸው የፈጠሩት። ሰው ባላኖረው ነገር እንዴት ይጠየቃል? ይህ ሙግት አያስቅም፤ ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ኦሪት ስለ ተዋጊ በሬ የደነገገውን የሚያስታውስ አንባቢ መልሱን ከሩቅ ያየዋል። በሬው ድንገት ቢወጋ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን ደሙ በባለቤቱ ላይ ነው። የበሬውን ቀንድ ባለቤቱ አላበቀለውም። የሚጠየቀው አውቆ ስለለቀቀው ነው። በምሥራቅ ጃቫ ደግሞ ጭቃ የሚተፉ ጉብታዎች ከጥንት የታወቁ ናቸው፤ በአካባቢው ቀደም ብለው የተቆፈሩ ጉድጓዶችም ትርፍ ግፊት እንዳለ አሳይተዋል። በሬው ተዋጊ መሆኑ የታወቀ ነበር።

ስለዚህ ትልቁ ነገር ክብሪቱን የጫረው ማን ነው የሚለው አይመስልም። ቱቦ ሳያወርዱ 1,700 ሜትር መሄድ ውርርድ ነው፤ ቁፋሮ ሁሉ ውርርድ አለበት፣ ይህ በራሱ ነውር የለውም። ነውሩ ማስያዣው ላይ ነው። ቢሳካ የሚቆጠበው ቀንና ገንዘብ የኩባንያው ነበር። ባይሳካ የሚጠፋው ግን የሌላ ሰው ሩዝ ማሳ፣ የሌላ ሰው ትምህርት ቤት፣ የሌላ ሰው መስጊድ ነው። የፖሮንግ ገበሬ በዚያ ውርርድ ላይ ቤቱን እንዳስያዘ ማንም አልነገረው። መንቀጥቀጡ ባይመጣና ጉድጓዱ በደኅና ቢያልቅ ኖሮም ቤቱ ተይዞ ነበር። ማንም ባያውቅም።

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ቅርብ የሆነ አንቀጽ አለው። አንቀጽ 2069 ለየት ያለ አደጋ ያለበትን የኢንዱስትሪ ሥራ የሚሠራ ወይም የመሬትን አቀማመጥ የሚለውጥ ሰው፣ የፈጠረው አደጋ ደርሶ ሌላውን ሲጎዳ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጥፋት ባይገኝበትም፣ ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት ቢሆንም። ይህን በመሰለው ኃላፊነት ውስጥ የገባ ሰው የጉዳቱ መነሻ አልታወቀም በማለት አያመልጥም። እርግጥ ጎበዝ ጠበቃ «የደረሰው አደጋ እኛ የፈጠርነው አይደለም» ብሎ ክርክሩን ወደ ጅማሬው ሊመልሰው ይሞክራል። ቢሆንም ሕጉ የተመረኮዘበት ሐሳብ የጠራ ነው። ባልታወቀው ነገር ውስጥ ገብቶ ለመጠቀም የመረጠ ሰው፣ አለመታወቁ ያመጣውን ዕዳ ሳይመርጥ ለገባው ጎረቤቱ አያስተላልፍም።

ገንዘቡስ? ከፊሉ ተከፍሏል፤ አከፋፈሉ ግን ከጭቃው ያልተናነሰ ጥያቄ ያስነሳል። በ2007 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ደንብ በካርታ ላይ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ ውስጥ ያለውን ኩባንያው፣ ከውጭ ያለውን መንግሥት ይከፍላል፤ የኩባንያው ክፍያ መጀመሪያ 20 በመቶ፣ ቀሪው 80 በመቶ ኋላ። ቀሪው ለብዙዎች ዓመታት ዘገየ፤ በ2015 መንግሥት ለኩባንያው ከ700 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ አበድሮ እንዲከፈል ተደረገ። በደንቡ የኩባንያው ክፍያ ስሙ ካሳ አይደለም። ግዥና ሽያጭ ነው። ገበሬው የመሬቱን ወረቀት አቅርቦ፣ በጭቃ የተቀበረ ቤቱን ለኩባንያው «ይሸጣል»። ኩባንያው ይገዛል።

ይህ ቃል ብቻውን ብዙ ያስባል። በሻጭና በገዢ መካከል በደል የለም። ዋጋ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ቤት ያለው ማለት ነው። ካሳ ግን ሌላ ቋንቋ ነው። ካሳ የሚቀበል ሰው «ተበድለሃል» ተብሏል። ዋጋ የሚቀበል ሰው የተባለው «ሸጠሃል» ነው፤ ገንዘቡ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ። ከተጎጂዎቹ አንዳንዶች ዋጋው ጥሩ ነበር ብለው ይሆናል፤ ገንዘቡም አዲስ ቤት አሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል፤ ይህን ማቃለል ከሩቅ ለሚጽፍ ሰው ቀላል ነው። ቢሆንም ከገንዘቡ ጋር ሊመጣ የሚገባው ነገር ሳይመጣ ቀርቷል።

ያ ነገር ምንድን ነው? እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1976 ስለ ሞራልና ዕድል በጻፈው ጽሑፍ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አለ። ሾፌሩ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ሕፃን ይገጫል። ሕፃኑ ይሞታል። ዳር ቆሞ ያየ ሰውም ያዝናል፣ የሾፌሩ ስሜት ግን ከተመልካቹ የተለየ ነው፣ ሊለይም ይገባል። በዙሪያው ያሉ ሰዎች ጥፋቱ ያንተ አይደለም ብለው ያጽናኑታል። እርሱ ግን ወዲያው «እውነታችሁን ነው» ብሎ ሞተሩን ቢያስነሳ ያጽናኑት ሰዎች ራሳቸው ይደነግጣሉ። የዊልያምስ ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። በብዙ አካባቢ በባላገሩ ልማድ፣ ሳያስበው ሰው የገደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይንበረከካል፣ ካሳም ይከፍላል። ሆን ብዬ አይደለም ማለቱ ቅጣቱን ያቀልለታል። ከመምጣት ግን አያስቀረውም። ሟች የወደቀው በእርሱ እጅ ነውና መምጣት ያለበት እርሱ ነው።

እንግዲህ ኩባንያ ድንጋይ መሸከሚያ ትከሻ አለው? ይህ የሚያስቅ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ኩባንያ በወረቀት የተፈጠረ ሰው ነው፤ ይነግዳል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ አይጸጸትም። ነገር ግን በውስጡ ሰዎች አሉ። ቱቦው አሁን አይወርድም ብሎ የወሰነ ሰው አለ፣ የፈረመ ሰው አለ፣ ጭቃው እየጠፋ መሆኑን በሰዓቱ ያነበበ ሰው አለ። ምናልባት አንዳንዶቹ ሌሊት አይተኙም ይሆናል። ያንን እንቅልፍ ማጣት ወደ ውጭ አምጥተው ለመናገር ግን የኩባንያቸው ሙግት አፋቸውን ይይዘዋል። «አዝናለሁ» ካሉ «አጠፋሁ» ማለት ሊሆንባቸው ነው፤ በፍርድ ቤትም ማስረጃ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የመነሻው ክርክር ሳይቋጭ በቆየ ቁጥር፣ ጥፋተኛ ያልሆነው ሾፌር እንኳ የሚያደርገውን ማድረግ የተከለከሉ ሰዎች ተፈጠሩ። መንደርተኞቹም የሚመጣ ሰው ሲጠብቁ ቆዩ። ጠበቃና ቀያሽ ግን ብዙ መጥቷል።

የተቀበረው ቤት ብቻ አልነበረም። የመቃብር ቦታዎችም ከጭቃው በታች ናቸው። በጃቫ ከረመዳን ጾም በፊት ወደ ወላጅ መቃብር ሄዶ አበባ መበተንና መጸለይ የቆየ ልማድ ነው፤ የፖሮንግ ሰዎች ከጭቃው ዳር በተሠራው ግድብ ላይ ቆመው፣ መቃብሩ የነበረበትን አቅጣጫ ገምተው ይጸልያሉ። ሽያጩ መሬቱን ቆጥሯል፤ ከመሬቱ በታች የተኛው አባት በየትኛው መስመር እንደተጻፈ ግን ሰነዱ አያሳይም።

በ2014፣ ጭቃው በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፣ ዳዳንግ ክሪስታንቶ የተባለው ኢንዶኔዥያዊ የሥነ ጥበብ ሰው 110 የሰው ቁመት ያላቸው ሐውልቶች ሠርቶ በጭቃው ላይ አቆማቸው። ሁሉም እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል፣ በእጃቸውም ከቤት የተረፈ ዕቃ ይዘዋል። ከግድቡ ላይ ሆኖ ለሚያያቸው ዕቃውን የሚረከባቸው ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከዚያ ወዲህ ጭቃው ከሥራቸው እየጨመረ ሄዷል፤ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን፣ ከዚያም ወገባቸውን ያዘ። እጆቻቸው እንደተዘረጉ ነበሩ።